ያው ያምናዎቹ ናቸው

ነጭ ሽርጥ ሳይ እስከ ዛሬ ደሜ ይፈላል። ምግብ ቤት ገብቼ አስተናጋጇ ሽርጧን አስራ ስትመጣ ፊቴን ወደ ግድግዳ አዙሬ ነው የማዝዘው። ልጅቷ ምን አደረገችኝ? ምንም። ታዲያ ምን ላድርግ፣ አንዴ አንጀቴ ያረረበት ነገር ነው።

ነገሩን ከስሩ ልንገራችሁ። ሚዛን ተፈሪ ውስጥ ከአስራ ሰባት ዓመት በታች የሆኑ ሴት ልጆችን እግር ኳስ አሰለጥናለሁ። ደመወዝ የለኝም። በተሰጠኝ ወረቀት ላይ «በጎ ፈቃደኛ አሰልጣኝ» ይላል። ሲሰሙት ደስ ይላል። እኔ ግን ኖሬበት አይቼዋለሁ፤ «አሰልጣኝ» የምትለዋ ሜዳ ላይ ትቀራለች፣ «በጎ ፈቃደኛ» የምትለዋ ግን የሄዱበት ሁሉ ትከተላለች። ወንበር የሚደረድር ሲጠፋ፣ እንግዳ የሚቀበል ሲጠፋ፣ ዳቦ የሚቆርስ ሲጠፋ «እነዚያ በጎ ፈቃደኞቹ ሴቶች የት አሉ?» ይባላል። የወንዶቹ አሰልጣኞችም እኮ በጎ ፈቃደኞች ናቸው። እነሱን ዳቦ ቁረሱ ያላቸው ሰው እስካሁን አላየሁም።

ስራውን የጀመርኩት ኮሌጅ ጨርሼ ቤት በተቀመጥኩበት ዓመት ነው። ልጅ ሆኜ የምጫወተው ከሰፈር ወንዶች ጋር ነበር፤ ሰው ሲጎድል ይጠሩኛል፣ ሰው ሲሞላ ያባርሩኛል። ያ ነገር ሆዴ ውስጥ ተቀምጦ ኖሮ፣ ማንም የማያባርራቸው የሴቶች ቡድን ልስራ ብዬ ተነሳሁ። አብሮ አደጌ የሆነች አንዲት ጓደኛዬ አብራኝ ገባች። እኔ ስልጠናውን ያዝኩ፤ እሷ የቀረውን ሁሉ። ሜዳ ትለምናለች፣ ማልያ ታጥባለች፣ የተጎዳች ልጅ ጤና ጣቢያ ታደርሳለች፣ እናቶችን ታሳምናለች። ለእናቶቹ የሚበቃ ትዕግስት እኔ የለኝም። አብዛኞቹ ጸሎት ቤት የሚያገለግሉ ናቸው፤ የቁምጣው ነገር ነበር ያስጨነቃቸው። ጓደኛዬ ቤት ለቤት ዞራ፣ ከቁምጣው ስር ታይት እንደሚለበስ አሳይታ፣ እሁድ ጠዋት ልምምድ እንደማይኖር ቃል ገብታ አስራ ስምንት ልጅ አስፈቀደች።

ሜዳው ከሰዓት በኋላ የወንዶቹ ነው። ቅዳሜም የወንዶቹ ነው። ለእኛ የተረፈን ጠዋት አስራ ሁለት ሰዓት ላይ ነው፣ ጉሙ ገና ከዛፎቹ ላይ ሳይነሳ። የሚዛንን ዝናብ የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ቀዩ ጭቃ ጫማ ስር ተደራርቦ ሰውን ያስረዝማል። ታኬታ ያላቸው ግማሾቹ ብቻ ነበሩ፤ የቀሩት በሸራ ጫማ ይንሸራተታሉ። ሦስት ኳስ ነበረን፤ አንዷ አየር እያስወጣች ልምምዱ ሳያልቅ ሁለቴ ትነፋለች። በዚህ ሁሉ መሃል ከልምምድ የምትቀር ልጅ አልነበረችም። ይህን የምለው እንድታዝኑልን አይደለም፤ ምን እንደተበላሸ እንድታውቁት ነው።

በረኛዬ የመጣችው በሦስተኛው ዓመት መስከረም ላይ ነው። አገሯ ከሸኮ ወዲያ ያለ መንደር ነው፤ ሚዛን አንዲት ክፍል ተከራይታ ትማር ነበር። አርብ ወደ ቤቷ ትሄድና እሁድ ከሰዓት የሳምንቷን ጎደሬ በማዳበሪያ ከረጢት ተሸክማ ትመለሳለች። መጀመሪያ ያየኋት ሜዳው ዳር ደብተሯን አቅፋ ቆማ ነው። አንዷ ልጅ የመታችው ኳስ ወደ እሷ በረረ። ደብተሩን በአንድ እጇ እንዳቀፈች በሌላው እጇ ኳሱን አየር ላይ ያዘችው። ያዘችው ስል መታ ጣለችው ማለቴ አይደለም፤ በመዳፏ ነው የያዘችው።

«ነይ እስቲ፣ ጎል ግቢ» አልኳት።

«አላውቅም» አለች።

«ማን ታውቂያለሽ አለሽ? ግቢ።»

ገባች። በቃ፣ ከዚያ ቀን ጀምሮ ያንን ቦታ ለሌላ ልጅ ሰጥቼ አላውቅም። ከሕፃንነቷ ጀምሮ የቡና ቅርንጫፍ እያጎነበሰች የለቀመች ልጅ ናት፤ ጣቷ የያዘውን አይለቅም። ጉድለቷ አንድ ነበር፣ ዝምታዋ። «በረኛ ካልጮኸች ተከላካዮቹ በምን ይወቁ? ጩኺ» አልኳት። በማግስቱ ጮኸች፣ ግን በሸኮኛ። ከተከላካዮቼ አንዷ ቤቷ የምትናገረው ቤንችኛ ነው፣ ሌላዋ ካፊኛ፣ ሁለቱ ከአማርኛ ሌላ አያውቁም። ሆኖም ገባቸው። እስከ ዓመቱ መጨረሻ ድረስ «ግራውን ዝጊ» የሚለውን አራቱም በሸኮኛ ያውቁት ነበር።

አባቷ ግን አንድ ነገር ነግረዋት ነበር። ታናሽ ወንድሟ ስምንተኛ ክፍል እየጨረሰ ነው፤ በመጪው መስከረም ከተማ ገብቶ ሊማር ነው። ሁለት ልጅ ከተማ ማኖር አልቻሉም። «ኳሱ የሚያደርስሽ ቦታ ካለ ልየው» አሏት። «የሚወስድሽ ከተገኘ ሂጂ። ካልተገኘ ክፍሉን ለወንድምሽ ትለቂያለሽ።» ይህን ስትነግረኝ ራሴን ጠየቅኩ። ለምን እሱ አይቆይም? ለምን የእሷ ትምህርት ከእሱ መምጣት ጋር ያልቃል? ግን ጎደሬውን ተክለው ቡናውን ለቅመው የሚያኖሯት እሳቸው ናቸው፤ እኔ ማን ነኝ? ደግሞም በር ከፍተውላት ነበር። ጠባብ ቢሆንም በር ነው።

በዚያው ዓመት ሰኔ ላይ በሚዛን የወጣቶች ውድድር ተዘጋጀ። ከቴፒ፣ ከጌጫ፣ ከሸኮ ቡድኖች ይመጣሉ። ከሁሉም በላይ ደግሞ ትምህርቱም ማደሪያውም ያለበት አንድ የስፖርት ማሰልጠኛ መልማዮቹን እንደሚልክ ሰማን። መልማዮቹ የሚያዩት የመጀመሪያውን ቀን ጨዋታ ብቻ ነው፤ ከዚያ ወደ ሌላ ከተማ ያልፋሉ። የሚወስዱት ከአስራ ሰባት በታች ነው። የእኔ በረኛ በሚቀጥለው ግንቦት አስራ ሰባት ይሞላታል። እንግዲህ የነበራት አንድ ውድድር ነው፤ ከእሱም ውስጥ አንድ ቀን።

«ኮች፣ አባቴ ሊያየኝ ይመጣል» አለችኝ። «ኳስ አይቶ አያውቅም። ምን ብዬ ልንገረው?»

«ጎል ውስጥ የቆመችውን እይ በይው» አልኳት።

አሁን ወደ አስተባባሪው ልምጣ። የውድድሩ አዘጋጅ ኮሚቴ አስተባባሪ በአባቴ ዕድሜ ያለ ሰው ነው። ክፉ አይደለም፤ የሚያናድደኝም ይኼው ነው። ክፉ ቢሆን ተዘጋጅቼበት እገባ ነበር። እሱ ግን እየሳቀ ነው የሚያዝዘው፤ «የኔ እህት» ሳይል ሰው አይልክም። ውድድሩ ሁለት ሳምንት ሲቀረው ሰበሰበንና ስራ አከፋፈለ። ዳኝነት እገሌና እገሌ፣ ጸጥታ እገሌ፣ ሜዳ እገሌ እያለ ወረደ። መስተንግዶ ላይ ሲደርስ ከወረቀቱ ቀና እንኳ አላለም። «መስተንግዶ ያው ሴቶቹ» አለ።

«ጋሼ፣ እኛ እኮ ቡድን አለን» አለች ጓደኛዬ።

«ቡድኑማ አለ። እንግዳውም አለ። ታዲያ ምግቡን ለእነዚህ ጎረምሶች ሰጥቼ እንግዳ ላባርር?»

ሰው ሳቀ። እኔም ሳቅኩ። ራሴን የማልምረው እዚህ ላይ ነው። ሦስት ዓመት ሙሉ ልጆቼን «ሜዳ ላይ ለማንም ቦታ አትልቀቁ» እያልኩ ሳስተምር ኖሬ፣ ሰውየው ፊት ለፊቴ ቦታዬን ሲወስድብኝ ጥርሴን ገልጬ ሳቅኩ። ጓደኛዬ አልሳቀችም።

ውድድሩ ሊጀመር አንድ ቀን ሲቀረው ለእንግዶቹ ምሳ ተዘጋጀ። አስተባባሪው አዳዲስ ነጭ ሽርጦች በላስቲክ አድርጎ አመጣልን። ምሳው ከታች አዳራሹ ውስጥ ነው። ከአዳራሹ በላይ ባለው ክፍል ደግሞ በዚያው በስድስት ሰዓት የቴክኒክ ስብሰባ ነበር። ለማያውቅ ሰው ልንገር፤ የቴክኒክ ስብሰባ ማለት እያንዳንዱ ቡድን የተጫዋቾቹን ስም ዝርዝርና ቴሴራ፣ ፎቶ ያለበት የተጫዋች መታወቂያ ማለት ነው፣ አቅርቦ የሚያጸድቅበት ነው። እዚያ ያልጸደቀች ልጅ በማግስቱ ሜዳ አትገባም። እኔ የሁሉንም አሟልቼ፣ የልደት ወረቀታቸውን አያይዤ፣ በቀይ ፋይል አድርጌ ይዣለሁ። ያንን ፋይል ለመሙላት ምን ያህል እንደተመላለስኩ አልነግራችሁም።

«አንዳችን እንውጣ፣ ስብሰባው ላይ መገኘት አለብን» አለች ጓደኛዬ።

አስተባባሪው በሩ ላይ ቆሞ ነበር። «የት? እንግዶቹ እጃቸውን እየታጠቡ እኮ ነው። ሁለታችሁም ታስፈልጋላችሁ። ስብሰባው ለወጉ ያህል ነው፤ አምጪው የኔ እህት፣ እኔው አስገባልሻለሁ» አለና እጁን ዘረጋ።

ጓደኛዬ ከኋላዬ እጅጌዬን ጎተት አድርጋ «ፋይሉን አትስጪው» አለችኝ፣ ለእኔ ብቻ በሚሰማ ድምፅ።

«ኧረ ተይ፣ ትልቅ ሰው ነው» አልኳትና ሰጠሁት። ምን ነክቶኝ እንደሰጠሁት እስከ ዛሬ ራሴን እጠይቃለሁ። መልሱ ያው ነው፤ ትልቅ ሰው እጁን ሲዘረጋ ባዶውን መመለስ ነውር ነው ተብዬ ነው ያደግኩት። በዚያች ነውር ምክንያት ነው።

ከዚያ ሰሃን ተሸከምኩ። ሠላሳ ለሚሆን ሰው ከወዲያ ወዲህ ስመላለስ ቆየሁ። የጌጫ አሰልጣኝ፣ የቴፒ አሰልጣኝ፣ ሁሉም እንደ እኔ አሰልጣኞች፣ ስብሰባቸውን ጨርሰው ወርደው ተቀመጡና አቀረብኩላቸው። አንደኛው «ጎበዝ ልጅ ናት» አለ ስለ እኔ። አስተባባሪው ሲወርድ ጠብቄ «እንዴት ሆነ ጋሼ?» አልኩት።

«አለቀ። ሁሉም ገብቷል። እስቲ ከወጡ ጨምሪልኝ።»

ጨመርኩለት። ያውም ሁለት ጭልፋ።

በማግስቱ ጠዋት ዝናቡ አባርቶ ነበር። የመክፈቻው ጨዋታ የእኛና የቴፒ ልጆች ነው። የበረኛዬ አባት ከሸኮ በመጀመሪያው ሚኒባስ መጡ፤ ቦት ጫማ አድርገው፣ የታጠበ ኮት ለብሰው፣ ጃንጥላ ይዘው። እጄን በሁለት እጃቸው ያዙኝ። አማርኛቸው ቁጥብ ነው፤ ቃሉን መርጠው ነው የሚያወጡት። «ጎል ውስጥ ያለችውን ነው የማየው፣ አይደለም?» አሉኝ። «አዎ አባባ፣ እሷን ነው» አልኳቸው። ከሜዳው ማዶ ሣሩ ላይ፣ ጎሉ በደንብ በሚታይበት በኩል ተቀመጡ።

የጨዋታው ኮሚሽነር ልጆቹን አሰልፎ በየስማቸው ይጠራ ጀመር። አንድ ቁጥር ላይ የጠራው የአምናዋን በረኛ ስም ነው፣ ቤተሰቧ ወደ ጌጫ ከተዛወረ ወራት ያለፉትን ልጅ። ተሳስቷል ብዬ አለፍኩት። እስከ መጨረሻው ድረስ ጠራ። የእኔን በረኛ አልጠራትም። ጓንቷን አጥልቃ፣ እጇን አስቀድማ አንስታ፣ ስሟን እየጠበቀች ቆማለች።

«በረኛዬን አልጠሩም» አልኩት።

«ዝርዝሩ ላይ የለችም።»

«ቴሴራዋስ?»

«አልቀረበም» አለና ወረቀቱን አሳየኝ። የአምናው ዝርዝር ነው። ከአስራ ስምንቱ ልጆቼ አስራ ስድስቱ ስለነበሩበት ለሌላ ሰው ትክክል ይመስላል። ዘንድሮ የገቡት ሁለት ናቸው፤ አንዷ ተቀያሪ፣ አንዷ እሷ። «ትናንት ስብሰባው ላይ የሚዛን ሴቶች ዝርዝር የት አለ ስንል፣ የወከላችሁ ሰው ‹ያው ያምናዎቹ ናቸው› ብሎ ፈረመ። ያምናውን ከሳጥን አውጥተን አጸደቅን» አለኝ። ኮሚሽነሩ ከሌላ ቦታ የመጣ ሰው ነው፤ በእሱ አልፈርድም። የተፈረመ ወረቀት ነው የያዘው።

ወደ እንግዶቹ ድንኳን ሮጥኩ። አስተባባሪው ከመልማዮቹ አጠገብ ተቀምጧል። «ፋይሌ የት አለ?» አልኩት።

«የትኛው ፋይል?» አለ መጀመሪያ። ቀጥሎ ትዝ አለው መሰለኝ ግንባሩን አሸት አሸት አደረገ። «እዚያው አዳራሹ ውስጥ አስቀምጬው ይሆናል። ምን ችግር አለው? ሴቶቹ ያው አይደሉ እንዴ?»

«አይደሉም። በረኛዬ አዲስ ናት። ዛሬ ካልተጫወተች መልማዮቹ አያዩአትም።»

«አንዲት ልጅ ናት እኮ፣ የኔ እህት። በሚቀጥለው ዓመት ትጫወታለች።»

«በሚቀጥለው ዓመት ዕድሜዋ ያልፋል።»

«እንግዲህ ደንብ ደንብ ነው፤ የጸደቀ ዝርዝር አላፈርስም። በይ አሁን እንግዶች ፊት አታዋርጂን» አለና ወደ ሜዳው ዞረ። አንድ ዓመት ሙሉ የአምናና የዘንድሮ ልጅ ያልለየ ሰው፣ በዚያች ደቂቃ ደንብ አዋቂ ሆኖ ቁጭ አለ። ያኔ ያልጮህኩት ልጆቼ እያዩኝ ስለነበረ ብቻ ነው። መጮህ ነበረብኝ። ድንኳኑን በጩኸት መንቀል ነበረብኝ።

ፊሽካው ተነፋ። አንዷን ተከላካይ ጓንት አልብሼ ጎል አስገባኋት። ልጅቷ እያለቀሰች ገባች። ከዚያ በኋላ ለትንሽ ጊዜ በረኛዬን ከዓይኔ አጣኋት። ሳገኛት ድንኳኑ ውስጥ ናት። «በባዶሽ ከምትቆሚ እጅ ጎድሎናል» ብሎ ሽርጥ ያቀበላት ሰው አለ። ማን እንደሆነ አልጠየቅኩም፤ ማወቅም አልፈልግም። ከበረኛ ማልያዋ ላይ፣ አንድ ቁጥር ከተጻፈበት ላይ፣ ነጩን ሽርጥ አስራ ለእንግዶቹ የታሸገ ውሃ ታድላለች። ትልቅ ሰው እጁን ሲዘረጋ ባዶውን መመለስ ለእሷም ነውር ነው። ለመልማዮቹም ሰጠቻቸው። ሊያዩአት አንድ ዓመት ሙሉ የተዘጋጀችላቸው ሰዎች ውሃውን ተቀበሏትና ከትከሻዋ በላይ ጨዋታውን አዩ።

አባቷን ከዚህ ማዶ ሆኜ አያቸዋለሁ። መጀመሪያ ጎሉን ነበር የሚያዩት። አንገታቸውን አስግገው፣ ጃንጥላቸውን ተደግፈው፣ እየደጋገሙ አዩት። ከዚያ ፊታቸው ቀስ ብሎ ወደ ድንኳኑ ዞረና እዚያው ቀረ። ጓደኛዬ ሮጣ ሄዳ ሽርጡን ከልጅቷ ወገብ ፈታችው። ያም ሆኖ አባቷ አይተዋል።

ሦስት ለባዶ ተሸነፍን። መልማዮቹ ግን የግራ ክንፍ ተጫዋቼን መረጡ፤ አሁን እዚያው ማሰልጠኛው ውስጥ ናት። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር፤ ለእሷ ደስ ብሎኛል። ግን እንኳን ደስ ያለሽ እያልኩ ሳቅፋት ዓይኔ ሌላዋን ይፈልግ ነበር። ደስታዬን ሳይቀር ነው ያበላሹብኝ።

ጨዋታው ሲያልቅ አባቷ ወደ እኔ መጡ። ልጅቷ ከኋላቸው ቆማለች።

«ልጄ፣ እኔ ኳስ አላውቅም» አሉ። «ጎል ውስጥ ያለችውን እይ ተባልኩ፣ አየሁ። የኔ ልጅ አይደለችም። የኔ ልጅ ውሃ ታድላለች። ይሄን እኮ ቤቷም ታውቃለች። ለዚህ ሚዛን ድረስ ለምን መጣች?»

ስለ ዝርዝሩ፣ ስለ ቴሴራው፣ ስለ ስብሰባው አስረዳኋቸው። ቸኩዬ፣ ቃላት እያምታታሁ ነው የተናገርኩት። እሳቸው ግን እስክጨርስ ጠበቁኝ። ከዚያ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቁኝ።

«ስብሰባው ሲደረግ አንቺ የት ነበርሽ?»

መዋሸት እችል ነበር። «ምግብ ሳቀርብ ነበር» አልኳቸው።

ራሳቸውን ነቀነቁ። አልተቆጡም። ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር፤ ይልቅ አዘኑልኝ። ልጃቸውንም በሸኮኛ አንድ ነገር አሏትና ዕቃዋን ልትሰበስብ ወደ ክፍሏ ሄደች።

በማግስቱ አዳራሹን ስናጸዳ፣ አዎ፣ ማጽዳቱም የእኛ ነበር፣ ፋይሉን አገኘሁት። ረጅሙ ጠረጴዛ ጫፍ ላይ፣ ከትልቁ የወጥ ድስት ስር ነበር። ጠረጴዛው ላስቲክ ስለለበሰ ድስቱ እንዳያቀልጠው አንድ ነገር እናድርግበት ብለን ነበር፤ ያገኘነውን አድርገንበታል። ማን እንዳደረገው አላውቅም። ምናልባት እኔው ነኝ። ከፍቼ ሳየው የበረኛዬ ቴሴራ ከላይ ነበር፣ ፎቶዋ በሙቀቱ ከላስቲኩ ጋር ተጣብቆ። አቤቱታ ጽፈን አስገባን። ጨዋታው ካለቀ በኋላ የቀረበ ነው ብለው መለሱልን።

መስከረም መጣ፤ እሷ አልመጣችም። ወንድሟ ክፍሉን ያዘ። ጥቅምት ላይ እኔና ጓደኛዬ ወደ አገሯ ሄድን። ሸኮ ድረስ በሚኒባስ፣ ከዚያ በእግር። የቡና ለቀማ ወቅት ነው፤ ከጫካው ቅርጫቷን በወገቧ አንጠልጥላ ስትወጣ ነው ያገኘናት። ስታየኝ ሳቀች። እጇ በቡናው ጭማቂ ጠቁሯል። ቤት አስገባችን፣ አስቀመጠችን፣ ውሃ ይዛ መጥታ እጃችንን አስታጠበችን። ልነሳ ስል ትከሻዬን በእርጥብ እጇ ወደ ታች ገፋ አደረገችኝ።

«ቁጭ በይ፣ ኮች። እንግዳ ነሽ» አለች። ጎደሬውን ፊቴ አስቀመጠችና «ለዚህ ዝርዝር አይፈለግም» ብላ ደግማ ሳቀች።

ሙድ መያዟ ነው፤ በእኔ ለመጨከን አይደለም። «በሳምንት አንዴ እየመጣሽ ትለማመጃለሽ፣ እኔ አባባን አናግራለሁ» አልኳት።

«ለምን?» አለች። ስትጠይቅ ፊቷ ላይ ሳቁ አልነበረም። «ዕድሜዬ ያልፍ የለ?»

ጎደሬው ቀዘቀዘ። ስንመለስ፣ ሸኮ ላይ ሚኒባስ ስንጠብቅ ጓደኛዬ ወደ እኔ ዞረች። «ከእንግዲህ ፋይል የያዘ ሰው ሽርጥ አያስርም» አለች። «እሺ» አልኳት።

ሰኔ ዞሮ መጣ። ያው ውድድር፣ ያው አዳራሽ፣ ያው ከላይ ያለው ክፍል። ስብሰባውና ምሳው ዘንድሮም በስድስት ሰዓት ነው፤ ማንም አልለወጠውም። በሩ ላይ አስተባባሪው ሽርጦቹን በላስቲክ እንደያዘ ጠበቀን። ታጥበው ተተኩሰዋል።

«የኔ እህት፣ እንግዶቹ ደርሰዋል።»

«ዛሬ አላስተናግድም፣ ጋሼ። ስብሰባ አለኝ።»

«ታዲያ ማን ሊያቀርብላቸው ነው?»

«እርስዎ» አልኩት።

ሳቀ። እኔም ጓደኛዬም አልሳቅንም፤ አልፈነው ደረጃውን ወጣን። ፊት ለፊት ያሉት ወንበሮች ላይ ተቀመጥን። ፋይሉን ጭኔ ላይ አድርጌ በሁለት እጄ ይዤዋለሁ። የሚቀጥለውን ልንገራችሁ፤ ይህን ሁሉ የጻፍኩት ለእሱ ነው።

ጸሐፊው የየቡድኑን ዝርዝር እየተቀበለ የእኛ ላይ ደረሰ። «የሚዛን ሴቶች» አለ። አስተባባሪው ከኋላችን መጥቶ ተቀምጦ ኖሯል፤ ከልማዱ ይመስለኛል፣ ምንም ሳያስብ «ያው ያምናዎቹ ናቸው» አለ።

ተነሳሁ። «አይደሉም» አልኩ። «አንዷ የለችም።»

ዝርዝሬን ለጸሐፊው ሰጠሁት። ከላይ እስከ ታች አየው። «ሁሉም ተሟልቷል እኮ። አስራ ስምንት ናቸው። የጎደለችው ማን ናት?»

ስሟን ከነአባቷ ከነአያቷ ተናገርኩ።

ደግሞ አየ። «እዚህ ላይ የለችም።»

«የለችም። ዕድሜዋ አልፏል። አምና እዚሁ ክፍል ውስጥ ነው የቀረችው። በቃለ ጉባኤ ይያዝልኝ።»

ሰብሳቢው ጉሮሮውን ጠረገ። «ለመሆኑ ተጫዋች ያልሆነችን ልጅ ቃለ ጉባኤ ላይ ምን ብለን ነው የምንይዛት?»

«አሰልጣኟ ምሳ ስታቀርብ ቀረች ብላችሁ ያዙልኝ።»

ጸሐፊው ሰብሳቢውን አየ። ሰብሳቢው አስተባባሪውን አየ። አስተባባሪው ጠረጴዛውን አየ። ከታች አዳራሹ ውስጥ ወንበር ይጎተታል፤ እንግዶቹ ተቀምጠው ምሳ ይጠብቃሉ፣ የሚያቀርብ የለም። የጌጫው አሰልጣኝ ሰዓቱን አየ። ጓደኛዬም ከጎኔ ተነስታ ቆመች። ጸሐፊው ብዕሩን አነሳ፤ ስሟን እስከ አያቷ ጽፎ እስኪጨርስ ድረስ አልተቀመጥኩም።